ሙሽሪት እምቢ ያለች ሰሞን

አቻምየለህ ጠዋት ጠዋት የዕቃ ቤቱን በር ከከፈተ በኋላ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያደርጋት አንዲት ነገር አለች። ጎንበስ ይልና የሣር ማጨጃ ማሽኗን የቤንዚን ታንክ በጥፍሩ ጠቅ ጠቅ ያደርጋል። ቀስ ብሎ ነው፤ ጎረቤቱ ይነሳ አይነሳ ያላወቀ ሰው በር እንደሚያንኳኳው። ከዚያ ጆሮውን አዘንብሎ ትንሽ ይቆያል። ምን እያደረገ እንደሆነ ለጠየቀው ሰው፣ "ቤንዚኗ የት እንደደረሰ ከድምፁ አውቃለሁ" ይላል። እውነቱን ነው፤ የጎዶሎና የሙሉ ታንክ ድምፅ ለየቅል ነው። ነገር ግን ማታ እስካፉ ሞልቶት በሄደ ማግስትም ያንኳኳል።

ማሽኗ ሙሽሪት ትባላለች። ስሙን ያወጣላት የግቢው ዘበኛ ዒሴ ነው። ዒሴ በልጅነቱ ሐርትሼክ የስደተኛ ጣቢያ ስላደገ አማርኛ ያውቃል፤ የሚያውቃትንም ያህል ለቀልድ ያውላታል። ግቢው ሐርጌሳ ከተማ፣ ጅግጅጋ ያር በሚባል ሰፈር ውስጥ ያለ የሠርግ ግቢ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ሙሽራ ይገባበታል። "የሰው ሙሽራ መኪና ሲላክላት ትመጣለች፤" ይላል ዒሴ በሩ ላይ ተቀምጦ፣ "ያንተዋ ግን ሽማግሌ ካልተላከባት ንቅንቅ አትልም።"

አቻምየለህ ከጎጃም ወጥቶ በጠረፏ ከተማ በውጫሌ በኩል ሐርጌሳ የገባው ሣር ሊያጭድ አልነበረም። የቀን ሠራተኛ ነበር። የዚህን አዳራሽ ሲሚንቶ በባልዲ ካወጡት ሰዎች አንዱ እሱ ነው። ደረጃው ገና ሳይሠራ፣ በተጋደመ እንጨት ላይ ባልዲ ተሸክሞ ሲወጣ እግሩ ከዳውና በቀኝ ትከሻው ወደቀ። ወጌሻ አሸው፤ ከረምረም ብሎ ዳንኩ አለ። አዳራሹ አልቆ ሠራተኛው ሲበተን፣ የግቢው ባለቤት ኢስታሂል በአዳራሹ ፊት ለፊት የተዘረጋውን ባዶ አቧራ እያየች፣ "እዚህ ላይ አንድ አረንጓዴ ነገር ቢበቅል ምን አለበት" አለች። ለማንም አልነበረም ያለችው። አቻምየለህ ግን አጠገቧ ቆሞ ነበርና "ሰርዶ ይበቅላል" አላት።

ሰርዶ በእሱ አገር የገበሬ ጠላት ነው። አባቱ ዕድሜውን ሙሉ ከማሳው እየመነገለ ሲጥለው ነው የኖረው። ልጁ ግን ሐርጌሳ ላይ፣ የደረቀው ወንዝ ዳር ውሃ ከሚያሸትበት ቦታ የሰርዶ ሐረግ እየነቀለ በማዳበሪያ ከረጢት ተሸክሞ አመጣና፣ መሬቱን በጣቱ እየፈለፈለ አንድ በአንድ ተከለው። የሚያጠጣውም የሠርገኛው እጅ መታጠቢያ ውሃ እንዳይፈስ በበርሜል እያጠራቀመ ነው። አባቱ ቢያየው ምን ይል እንደነበር ሲያስብ ብቻውን ይስቅ ነበር። ሣሩ በሁለተኛው ክረምት ግቢውን ሸፈነው። የመጣው ሠርገኛ ሁሉ ፎቶ የሚነሳው እዚያ ላይ ሆነ። አቻምየለህም በዚያው አትክልተኛ ሆኖ ቀረ። ሙሽሪት የመጣችው በኋላ ነው፤ ኢስታሂል ከዱባይ ወንበር ስታስመጣ ከወንበሮቹ መሐል ያገለገለች ማሽን አብራ መጣች።

ነገሩ የተበላሸው በንፋሱ ወራት ነው። አቧራው ሲጠና ሙሽሪት ክፉኛ አመል አወጣች። ድሮ በሁለት በሦስት ስበት የምትነሳው ማሽን አሁን ግማሽ ጠዋት ትጠይቅ ጀመር። አቻምየለህ የማስነሻ ገመዱን በቀኝ እጁ ይስባል፤ ይቆምና ወደ ግራ ያዛውረዋል፤ በግራ አይሆንለትም፤ ተመልሶ በቀኝ ይስባል። ሣሩ በበኩሉ ማንንም ሳይጠብቅ ያድጋል።

አንድ ሰኞ ጠዋት እንዲሁ ሲታገል ኢስታሂል መጣች። እጇ ላይ መሐረብ የምታህል ቁራጭ አረንጓዴ ነገር ይዛለች። የሚነጋገሩት በሶማልኛ ነው፤ አቻምየለህ ዓመታት አስተምረውታል።

"አቻም፣ ይኼን ንካው እስቲ።"

እጁን ሱሪው ላይ ጠራረገና ነካው። የፕላስቲክ ሣር ነበር።

"ይለሰልሳል" አለ፤ ውሸት መናገር አይችልበትም።

"ውሃ አይጠጣም። አይታጨድም። ያለፈው ሐሙስ የሙሽራው አክስት ጫማዋ እስከ ተረከዙ ሣሩ ውስጥ ተቀብሮ፣ ሴቶች ተጋግዘው ነው የነቀሏት።"

"ሣሩ ስላልታጨደ ነው።"

"እኔስ ሌላ ምን አልኩ?" አለች ኢስታሂል። ቁጣ አልነበረባትም፤ ይልቅ የከበዳት ትመስል ነበር። "ሰውዬው ረቡዕ ጠዋት መጥቶ ግቢውን ይለካል። ማሽንህ እስከዚያ ተነስታ ሣሩን ልክ ካስገባች እኔ ዝም እላለሁ። ካልሆነ ግን ለሐሙስ ሠርግ ፕላስቲኩ ይነጠፋል። ላንተም ሌላ ሥራ እናፈላልጋለን።"

ሌላ ሥራ እንደሌለ ሁለቱም ያውቃሉ። ለግንባታ ሥራ የሚፈለገው ትከሻ ነው።

ኢስታሂል ስትሄድ ዒሴ ከበሩ ላይ፣ "ምን አለችህ?" አለው።

"አህያ እንኳ ስታዝን 'እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል' ነው ያለችው፤" አለ አቻምየለህ። "እኔ ግን በቁሜ እያለሁ ነው ሰርዶዬ ሊሞት የተነሳው።"

ዒሴ ሳቀ። አዳራሹ ደጃፍ ላይ መወልወያ ይዛ የቆመችው ሄቨን ግን አልሳቀችም። ሄቨን አዳራሹን የምታጸዳ ልጅ ናት። ዕቃ ቤቱ ከአዳራሹ ጋር ግድግዳ ስለሚጋራ፣ አቻምየለህ ገመዱን በሳበ ቁጥር ሙሽሪት የምታወጣውን ትንፋሽ ሁሉ፣ እሱም "እህህ" ብሎ ትከሻውን የሚይዝበትን ጊዜ ሁሉ ስትሰማ ነው የምትውለው። ሰኞ ከሰዓት በኋላ እሱ ማሽኗን ሲፈታታ በመስኮት ደጋግማ አየችው።

አቻምየለህ መካኒክ አይደለም፤ እየተደናበረ የተማረ ነው። መጀመሪያ ማሽኗ በድንገት ተነስታ ምላጯ እጁን እንዳይበላው የካንዴላውን ገመድ ነቀለ። ከዚያ ካንዴላውን ፈታ። ጫፉ እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሯል። በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገውና ከገመዱ ጋር አገናኝቶ ብረት ላይ አስነክቶ የማስነሻውን ገመድ ሲስብ፣ ትንሽ ሰማያዊ ፍንጣሪ ጠቅ አለች። እሳት አለ ማለት ነው። ቀጥሎ የአየር ማጣሪያውን ከፈተ። የሐርጌሳ አቧራ እንደ በርበሬ ተቆልሎበታል። "በዚህ ውስጥ እኔም አልተነፍስም" አላት ለማሽኗ። ስፖንጁን በሳሙና አጥቦ ፀሐይ እንዲመታው ግንቡ ላይ አሰጣው። ደስ አለው። በሽታዋን ያወቀ መሰለው። ቁልፉን ለሄቨን ሰጥቶ፣ "ሲደርቅ አስገቢልኝ" ብሏት ወደሚኖርበት ሰፈር ወደ ሼክ ኑር በሚኒባስ ሄደ።

ማክሰኞ ጠዋት ጢሙን ተላጭቶ መጣ። ታንኩን አንኳኳ። ማጣሪያውን መለሰ፤ ካንዴላውን አጠበቀ። ዒሴ ሻይውን ይዞ ሊያይ መጣ።

ገመዱን ሳበ። ሙሽሪት አንዴ አስነጠሰች፤ ከዚያ ጸጥ። ድጋሚ ሳበ፤ ጸጥ። ድሮ እያጉረመረመች፣ እየተንጠባጠበች ዘግይታም ቢሆን የምትነሳው ማሽን ጭራሽ ድምፅ አጠፋች። ሳበ፣ ሳበ፣ ላቡ በአገጩ ወረደ። ትከሻው ውስጥ አንድ ነገር እንደ ደረቅ እንጨት ተሰማው። ዒሴ አንድም ቀልድ አልተናገረም። ዒሴ ቀልድ ሲተው ነገሩ ከፍቷል ማለት ነው።

አቻምየለህ ቁጭ ብሎ አሰበ። እሳት አለ። አየር አለ። የቀረው ቤንዚኑ ነው። በቀጭን ቱቦ ከታንኩ ሥር ወደ አንድ ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ቀዳና ወደ ፀሐይ አነሳው። ቤንዚኑ ብጫ ብጫ ይላል። ከሥሩ ግን ከቤንዚኑ ጋር ያልተቀላቀለ፣ ደፈርፈር ያለ ሌላ ነገር ተኝቷል። ጠርሙሱን ሲያዘነብለው እየተንከባለለ አብሮ ይዘነበላል። ውሃ ነው።

ቤንዚኑን የገዛው ከፈርዶውሳ ነው። ሁልጊዜ የሚገዛው ከእሷ ነው።

ፈርዶውሳ ከግቢው ራቅ ብሎ አስፋልቱ ዳር በጠርሙስ የተሞላ ቤንዚን ጠረጴዛ ላይ ደርድራ ትሸጣለች። ድሬዳዋ ስላደገች አማርኛዋ ከብዙ አማራ ይፈጥናል። አቻምየለህ ጠርሙሱን ይዞ ሲደርስ የባጃጅ ሾፌሮች ከበዋት እየቀዱ ነበር።

"ፈርዶውሳ፣ ቤንዚንሽ ውሃ አለበት።"

"ምን አልከኝ? ድገመው እስቲ፣ ጆሮዬ ላይ መኪና አልፎ ነው።"

"ውሃ አለበት። ይኸው፣ እዪው።"

ጠርሙሱን አየችው። ከዚያ ከጠረጴዛዋ ላይ አንድ ጠርሙስ አንስታ ሻይ የምትጠጣበት ብርጭቆ ላይ ቀዳችና ፊቱ አስቀመጠችው። "ወላሂ፣ የኔ ቤንዚን ከውሃ ጋር ሰላምታም የለው። ታያለህ ውሃ?"

"ከታች ያለውስ?"

"ከታች ያለው የብርጭቆው ቂጥ ነው፣ የኔ ወንድም።"

ሾፌሮቹ ሳቁ። አቻምየለህ ፊቱ ነደደ። የረቡዕ ነገር፣ የፕላስቲኩ ቁራጭ፣ ትከሻው፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣበትና፣ "አሁንማ ሰው እያየ ነው። ሰው በሌለበት ግን ትቀላቅያለሽ" አላት።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሳቁ ቆመ። አንደኛው ሾፌር ሊቀዳ የያዘውን ጠርሙስ አየት አደረገና መልሶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ፈርዶውሳ ያንን አየች። አልጮኸችም፤ ሻሿን አስተካከለችና፣ "ሂድ በል፣ አቻም። ከዛሬ በኋላ ከኔ ጋር ቤንዚን የለህም" አለችው።

ወደ ግቢው ሲመለስ ንዴቱ ግማሽ መንገድ ላይ ጥሎት ሄደ፤ ሌላ ስም የሌለው ነገር ብቻ አብሮት ገባ። እጁ ሥራ እንዲይዝ ብሎ ካርቡራቶሩን መፍታት ጀመረ። ከሥሩ ያለችውን ብሎን ሲያላላ፣ ቤንዚን የሚጠራቀምባት ትንሿ የብረት ጽዋ መዳፉ ላይ ወረደች። ውስጧ ቤንዚን አለ፤ ከቤንዚኑ ሥር የውሃ ጠብታ አለ፤ ከውሃው ሥር ደግሞ ስስ አፈር ዘቅጧል።

አፈሩን በሁለት ጣቱ አሸው። የሐርጌሳ አቧራ ቀላ ያለ ነው፤ አራት ዓመት ሙሉ ከጆሮው ሲያጥበው ያውቀዋል። ይኼ ግን ነጣ ያለ፣ አመድ የመሰለ፣ እንደ ዱቄት የላመ ነው። ጣቱን ሲያየው እናቱ ትዝ አለችው፤ ልጅ ሆኖ ሲታመም አውራ ጣቷን እንዲህ ያለ አፈር አስነክታ ግንባሩ ላይ ትቀባው ነበር።

ቀና አለ። ሄቨን ደጃፉ ላይ ቆማለች። መወልወያው ከእጇ ውሃ ያንጠባጥባል።

"ሄቨን።"

"አቤት፣ ጋሽ አቻም።"

"ነይ እስቲ።"

መጣች። መዳፉ ላይ ያለችውን ጽዋ አሳያት። ልጅቷ አየቻትና ፊቷ ቦግ አለ፤ ከዚያ በትንሽ ድምፅ፣ "ተነሳች?" አለችው።

"አልተነሳችም።"

"ትንሽ እኮ ነው ያፈሰስኩት።"

"ምኑን?"

"እናቴ የላከችልኝን ጸበል። ከጸበሉ ቦታ አፈርም ነበረው፤ በጥብጬ... ትላንት እርስዎ ከሄዱ በኋላ ነው።"

"ቤንዚን ውስጥ?"

"ሌላ ቀዳዳ አላገኘሁላትም" አለች ሄቨን።

አቻምየለህ ጽዋዋን አስቀመጠ። ጸበሉን ያውቀዋል። ሄቨን የራስ ምታት ሲነሳባት አዳራሹ ውስጥ ወንበር ላይ ተደፍታ የምትቀርበት ጊዜ አለ፤ እናቷ ያንን ሰምታ ነው በሹፌር እጅ የላከችላት። ጠርሙሷን በነጠላ ጠቅልላ የምታስቀምጠው፣ ጠዋት ጠዋት በክዳን እየለካች ፊቷን የምታስነካው ነበር። ዒሴ እንኳ "የሄቨን መድኃኒት" ብሎ ከመንገድ ያነሳላት ነበር።

"ለራስሽ የመጣልሽን ለብረት ታፈሻለሽ?"

"ለብረቱ አይደለም።" ሄቨን መወልወያዋን ታየዋለች እንጂ እሱን አታየውም። "ትከሻዎ ላይ ላፈስልዎ ነበር። ግን እርስዎ 'ትከሻዬ ምን ሆነ?' ነው የሚሉኝ። ሁልጊዜ እንደሱ ነው የሚሉት። እሷ ከተነሳች ትከሻዎ ያርፋል ብዬ ነው።"

ቁጣው መጥቶ ነበር። እዚያው ሟሟ። ትከሻዬ ምን ሆነ ለማለት አፉን ከፍቶ ተወው።

"አበላሸኋት?" አለች።

"አላበላሸሻትም። ጉሮሮዋ ላይ ነው የተቀመጠባት። ነይ፣ ያንን መጥረጊያ አምጪ።"

ሁለቱ ዕቃ ቤቱ ደጃፍ ላይ ተቀመጡ። ቤንዚኑ የሚያልፍባት የነሐስ ፍሬ ቀዳዳዋ የፀጉር ያህል ናት፤ ያ የላመ አፈር ጥርቅም አድርጎ ደፍኗታል። አቻምየለህ ከመጥረጊያው አንድ ስስ ጭራሮ ነቅሎ ጫፉን አሾለና ቀስ ብሎ አሳለፈባት። እፍ አለባት። ሄቨንን "ያንቺ ዓይን ይሻላል" ብሎ ሰጣት። ልጅቷ ወደ ላይ አንስታ በአንድ ዓይኗ አየች።

"ሰማይ ይታያል" አለች።

ታንኩን አራገፉት፤ በንጹሕ ጨርቋ ወልውላ አፉን ከፍታ ፀሐይ ላይ አስቀመጠችው። የተቀዳው ጠርሙስ ውስጥ ቤንዚኑ ከላይ፣ ጸበሉ ከታች ሆኖ ቆሟል። ጸበል እግር በሚረግጠው ቦታ አይደፋም፤ ይህን ሁለቱም ሳይነጋገሩ ያውቃሉ። አቻምየለህ ቤንዚኑን በጥንቃቄ አንቆረቆረና የቀረውን ውሃ ከነጠርሙሱ ግንቡ ሥር፣ ሰው በማይደርስበት ጥግ አስቀመጠው።

አሁን የቀረው ንጹሕ ቤንዚን ነው። መንገዱ ላይ ሌሎችም ሻጮች አሉ። ከመጀመሪያው ጠረጴዛ አጠገብ ቆም አለ፤ ሻጩ "ስንት?" ሲለው ራሱን ነቅንቆ አለፈ። ፈርዶውሳ ጋ ሲደርስ ሾፌሮቹ አሁንም እዚያው ነበሩ። ባይኖሩ ይመርጥ ነበር፤ ግን መኖራቸው ነው የሚያስፈልገው።

"ፈርዶውሳ፣ ውሃው ያንቺ አይደለም። ከእኛው ነው የገባው። ሰው ፊት ነው ስምሽን ያጠፋሁት፤ ይኸው ሰው ፊት ልመልስልሽ መጣሁ።"

ፈርዶውሳ ቶሎ አልተቀበለችውም። ጠርሙሶቿን አንድ በአንድ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞረች።

"ከእናንተ እንዴት ገባ? በእግሩ ሄዶ?"

"ለመልካም ብሎ ያፈሰሰ ሰው አለ።"

"ለመልካም ብሎ ማሽን ውስጥ ውሃ የሚያፈስ ማን ነው?" ካለች በኋላ ራሷ ቆም አለች። ጎንበስ ብላ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ዘምዘም?" አለችው።

"በእኛ በኩል እንደዚያ ያለ።"

ፈርዶውሳ በሻሿ ጫፍ አፏን ሸፍና ሳቀች፤ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። "እናቴ፣ አላህ ይዘንላት፣ የወንድሜን ታክሲ ዘምዘም አጠጥታዋለች። ግን ራዲያተሩን ነው! ራዲያተር ውሃ ይጠጣል። ቤንዚን ግን ቢስሚላህ ይበቃዋል፤ ንገራት ለዚያች ሰው።"

"ሴት መሆኗን በምን አወቅሽ?"

"ወንድ ለማሽን አያዝንም።" ጠርሙስ አነሳችና ንጹሕ ጨርቅ ላይ እያጠለለች ቀዳችለት። ሾፌሮቹም እንዲያዩት ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጋ ያዘችው። "እየው፣ እናንተም እዩት። ነገ ደግሞ ዓሣ አገኘሁበት ብለህ እንዳትመጣ።"

ረቡዕ ጠዋት የፕላስቲኩ ሰውዬ በሰዓቱ መጣ። ሜትሩን ከኪሱ አውጥቶ አንዱን ጫፍ ለዒሴ አስያዘው። ዒሴ በሕይወቱ እንደዚያን ቀን ቀስ ብሎ ሄዶ አያውቅም፤ ሜትሩ ሦስቴ ከእጁ አመለጠው። ኢስታሂል ደረጃው ላይ ቆማ ስልኳን ታያለች፤ ዓይኗ ግን ስልኳ ላይ አልነበረም።

ከዕቃ ቤቱ ጀርባ የገመድ ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያ ጸጥታ። ሰውዬው ቁጥር ጻፈ። ለረጅም ጊዜ ምንም አልተሰማም። ኢስታሂል ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። እንደገና የገመድ ድምፅ። እንደገና። ከዚያ ሙሽሪት አንዴ አስነጠሰች፣ ሁለት ጊዜ ሳለች፣ ነጭ ጭስ በግንቡ ላይ ወጣ፣ ቀጥሎም ተርተርተር ብላ ግቢውን ሞላችው። አቻምየለህ እጀታዋን ይዞ ከጥጉ ብቅ አለ። ፊቱን ላብ አልብሶታል። ማንንም አላየም፤ ሣሩን ብቻ እያየ ከዳር ጀመረ።

ዒሴ ሜትሩን ለቀቀው። ሜትሩ ፊር ብሎ ሰውዬው እጅ ውስጥ ገባ።

የታጨደ ሰርዶ ሽታ ጎጃምም ሐርጌሳም አንድ ነው። አቻምየለህ አንዱን ጎን ጨርሶ ሲዞር ኢስታሂል ከደረጃው ወርዳ ነበር። ጫማዋን አውልቃ፣ ልብሷን በአንድ እጇ ሰብሰብ አድርጋ፣ በታጨደው ላይ በባዶ እግሯ ሄደች። ሰውዬው ተከትሏት፣ "ይኼ እኮ ነገም ያድጋል፣ እመቤት። ነገም ሊታጨድ ነው" አላት።

"ነገም ያጭደዋላ" አለች።

ፕላስቲኩን ጨርሳ አልተወችውም፤ ሙሽሮቹ ለሚቀመጡበት መድረክ የምትሆን ብቻ ቆርጣ ወሰደች። ስለቀረው ግን እንዳለችው ዝም አለች። የሐሙሱ ሠርገኛ ሰርዶው ላይ ፎቶ ተነሳ። አንድም ተረከዝ አልተቀበረም። አርብ ጠዋት አቻምየለህ ግንቡ ሥር ወዳለው ጠርሙስ ቢሄድ፣ ሄቨን ቀድማው ውሃውን ጥጉ ላይ ላለው የኒም ዛፍ ሥር አፍስሳዋለች። አሁን እናቷ ሌላ ልካላታለች፤ ይቺኛዋን አቻምየለህ ራሱ ክዳኗ ላይ ጥቁር ክር አስሮላታል፣ ከቤንዚን ጠርሙስ ጋር እንዳትምታታ።

አቻምየለህ ይህን ሁሉ ለእኔ ለጸሐፊዋ ሲያወራ የደበቀው የለም። ፈርዶውሳን ሰው ፊት መስደቡን ራሱ ነው የተናገረው፤ የሄቨንን ጸበልም እሷ እየሳቀች፣ እሷው እያረመችው ነው የተረከው። አንዲት ነገር ላይ ሲደርስ ብቻ ቆመ። ዒሴ ያለበትን በር ገልመጥ አደረገና፣ "ይቺን ነገር ግን ተዪያት፤ አትጻፊያት" አለ።

ረቡዕ ጠዋት ከዕቃ ቤቱ ጀርባ የመጀመሪያውን ስበት የሳበው እሱ ነበር። እጁ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ፤ ትከሻው አልመለስ አለው። ገመዱን ይዞ፣ ግንቡን ተደግፎ ቆሞ ሳለ ከግንቡ ማዶ የሰውዬውን ሜትር ድምፅ ይሰማል። ሄቨን መጣች። ገመዱን ከጣቶቹ መሐል ቀስ ብላ ወሰደችና፣ እግሯን ማሽኗ ላይ ረግጣ፣ ሰው ውሃ ከጉድጓድ እንደሚስብ አድርጋ ሳበችው። ሁለተኛው ላይ ሙሽሪት ስትነሳ ደንግጣ ወደ ኋላ ዘለለች። ከዚያ ማሽኗን ለእሱ ትታ ወደ አዳራሹ ሮጠች፤ ኢስታሂል ደረጃውን ስትወርድ ሄቨን መስኮት እየወለወለች ነበር።

ድሮም ታንኩን ያንኳኳ ነበር፤ ልማድ ነው። አሁን ግን ጠዋት ጠዋት ጠቅ ጠቅ ሲያደርግና ጆሮውን አዘንብሎ ሲቆይ፣ ከግድግዳው ማዶ ሄቨን መወልወያዋን ታስደግፍና በጓሮ በኩል ትመጣለች።